አምላክ ሳይቀምስ የቀመሰ ምላስ

ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ትዕቢተኛ ነው! አትቆጡ፣ አስረዳለሁ። ሰው ጋብዛችሁ፣ እንግዳው ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ «ጨው አነሰው እንዴ?» የምትሉት ለምንድን ነው? እንዳላነሰው ልባችሁ እያወቀ! «ኧረ ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ» እንዲባልላችሁ አይደል? እኔ ራሴ እጄ ካልተባረከ እንጀራው አይወርድልኝም። እንግዳው ዝም ካለ «ምነው፣ አልጣፈጠህም?» እያልኩ ምስጋናዬን ከጉሮሮው ጎትቼ አወጣለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ጉረኛ ነው እግዜር ወስዶ ታንቴ ሻንቲ ቤት ያስገባት። «ታንቴ» በሆላንድኛ አክስት ማለት ነው። ታንቴ ሻንቲ ከሱሪናም የመጡ፣ ዘራቸው ከህንድ የሚመዘዝ፣ የሂንዱ እምነት ተከታይ ባልቴት ናቸው። እዚህ ዴን ሃግ ውስጥ ጣራ ሥር ያለችውን ክፍላቸውን አከራይተውኛል። በዚህ አገር ክፍል ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል፤ የቤት ወረፋ ላይ የተመዘገበ ሰው ተራው እስኪደርስ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጁን ይድራል!

ታንቴ ሻንቲ የሚሠሩትን ሁሉ ለአምላክ ነው የሚሠሩት። ሁሉን ስላችሁ ሁሉን! ደረጃ ሲጠርጉ ለእሱ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከማስነሳታቸው በፊት እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ ይላሉ። ቪዲዮ ማጫወቻው ላይ ሳይቀር አበባ ያኖራሉ። ትራም ሲያመልጣቸው ደግሞ ፈገግ ይላሉ… ሆላንድ ከገባሁ ትራም አምልጦት ፈገግ ያለ ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ ስኪፖል አየር ማረፊያ ጽዳት ውዬ ስመለስ ጉራዬን ካልነፋሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«ታንቴ፣ ዛሬ የወለወልኩትን መስታወት አለቃዬ አይቶ ፀጉሩን አበጠረበት!»

«ጥሩ ነው ልጄ። እጁን ማን ሰጠሽ?»

«እጁማ የራሴ ነው!»

«እስቲ እንግዲያው አንድ ጣት ጨምሪበት።»

እሳቸው እንደሚሉት የሰው በሽታው «እኔ ሠራሁት» ማለቱ ነው። ሥራውን ለእሱ ሰጥተሽ ዞር በይ፤ ምስጋናው ያንቺ አይደለም ይሉኛል። ለኔ እንዲህ ማለት ለዶሮ ጥሬ ተይ ማለት ነው።

ባለፈው ታዲያ ታንቴ ሻንቲ ከብስክሌት ወድቀው እጃቸው ጄሶ ውስጥ ገባ። የዓመቱ የቤት ጸሎታቸው ደግሞ ደርሷል፤ እንግዳውም ፓንዲት የሚሏቸው ካህናቸውም ተጠርተዋል። ማን ያብስል? ይህን ጊዜ ከሮተርዳም፣ ከሻርሎይስ ሰፈር፣ የሟች ባላቸው እህት ታንቴ ራዲካ ከች አሉ። (አንቱ እላቸዋለሁ፤ በግዴ ነው!) ልጃቸው ዴን ሃግ ሥራ አግኝቷል፤ ዓይናቸው ያለው እኔ ክፍል ላይ ነው።

«ሥርዓታችንን የማታውቅ ልጅ እዚህ ቤት ምን ትሠራለች? ክፍሉን ለልጄ ስጪው» አሉ፣ እኔው ፊት።

ታንቴ ሻንቲ አሰቡና «ዛሬ በእኔ እጅ ምትክ ታብስል» አሉ። «ሥርዓቱን ጠብቃ ካበሰለች ትኖራለች። ካበላሸች ክፍሉ የልጅሽ ነው።»

ሥርዓቱ ምን መሰላችሁ? ምግቡ የሚበስለው ለአምላክ ነው፤ ለእሱ ሳይቀርብ ማንም አይቀምስም። ማሽተት እንኳ ነውር ነው! ሽንኩርትም የለበትም። ሽንኩርት የሌለው ወጥ! (የንስሐ አባቴ፣ ይህን እያነበቡ ከሆነ እባክዎ ገጹን ይግለጡልኝ። እኔ ዱባ ብቻ ነው የከተፍኩት።)

ዱባው በእርድ ቢጫ ሆኖ መንተክተክ ሲጀምር ታንቴ ሻንቲ «ጨዉን እኔ ራሴ ጨምሬያለሁ፣ እንዳትነኪ» ብለው ሳሪያቸውን ሊለብሱ ወጡ። ታንቴ ራዲካ የማዕድ ቤቱ በር ላይ እንደ ድንበር ጠባቂ ቆሙብኝ። የበሩ ደወል ሲጮህ ለአፍታ ዞር አሉ…

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ገባ፣ ጠብታዋ መዳፌ ላይ አረፈች፣ ምላሴ ላስ አደረጋት። እኔ አላዘዝኩም! ወጥ በመዳፍ ሳይቀምስ ያወጣ ሰው በዘሬ ታይቶ አይታወቅም።

ከዚህ የባሰው ምን መሰላችሁ? ወጡ ጨው የለውም! አነሰው አላልኩም፣ የለውም! «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል፤ ለማን ልበለው? ጨው የት አለና! ዝም ብል አምላክም እንግዳውም አልጫ ሊበሉ ነው፤ «ያበላሸችው እሷ ናት» ተብዬ ውጭ ላድር ነው። ብናገር ደግሞ መቅመሴ ሊታወቅ ነው።

«ታንቴ ራዲካ» አልኩ ሲመለሱ፣ «አምላካችሁ ጨው ይወዳል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እንዲሁ… የጎደለው መሰለኝ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሸተተኝ።»

«አሸተትሽው?!»

«ኧረ ከመልኩ ነው!»

«ጨው መልክ አለው?»

«ተገልጦልኝ ነው!»

አገጬን ትክ ብለው አዩት። «አገጭሽ ላይ ያለው ቢጫስ? እሱም ተገልጦልሽ ነው? ሻንቲ! ነይ! ቀምሳዋለች!»

ታንቴ ሻንቲ ግማሽ ሳሪ ለብሰው፣ ግማሹን እየጎተቱ ደረሱ። ሰው ሲጨንቀው ፈላስፋ ይሆናል አይደል?

«ታንቴ፣ ሰው እኔ አደረግሁ አይበል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? እንግዲያው የቀመስኩት እኔ አይደለሁም!»

«ልክ ነሽ» አሉ ረጋ ብለው። «ስለዚህ ይሄኛው ድስት ለሰዎቹ ይሁን። ለእሱ አዲስ ዱባ ይላጥ።»

«በማን እጅ?»

«የራሴ ነው ስትዪው በኖርሽው።»

ከዚያ ጨው ፍለጋ ዞር ሲሉ መስኮቱ ላይ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨው ተቀምጧል። ስልክ ሊያነሱ እዚያ አስቀምጠውት ኖሯል! ታንቴ ሻንቲ ማንኪያውን አዩ፣ እኔን አዩ… እና ጄሷቸውን ሆዳቸው ላይ ይዘው በሳቅ ፈረሱ።

«"እኔ ራሴ ጨምሬያለሁ" አላልኩሽም? አየሽ፣ "እኔ" የምትለዋን!»

ምን አለፋችሁ፣ እንግዳው ሁሉ ተረባርቦ ዱባ ላጠ። ፓንዲቱ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው አብረውን ላጡ። ጨዉን በግምት ጣል አድርጌ፣ ምላሴን ነክሼ አበሰልኩ። ለአምላክ ቀረበ፣ ተጸለየ፣ ተበላ። ታንቴ ራዲካ ሦስተኛ ሳህናቸው ላይ ደርሰው ጣታቸውን እየላሱ «አምላክ ይመስገን!» ይላሉ። ሌላውም «አምላክ ይመስገን!» ይላል። እኔን ዞር ብሎ ያየኝ የለም። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ ማለት ይሄ ነው! ዱባውን እሱ ነው የከተፈው?

ቀጥሎ የመጣው ግን ጉራዬን አስረሳኝ። ታንቴ ራዲካ አፋቸውን ጠረጉና «ሻንቲ፣ ቃል ቃል ነው። ልጅቷ አበላሽታለች። ክፍሉ የልጄ ነው» አሉ።

እኔ በሐሳቤ ሻንጣዬን እየሸከፍኩ ነው።

«ቃሉንስ ብዬ ነበር» አሉ ታንቴ ሻንቲ። «ቤቱ የኔ ቢሆን እንዳልኩት አደርግ ነበር። ግን ስንት ዓመት ሙሉ "ያንተ ነው" ስለው ኖሬ፣ ዛሬ ከእሱ ቤት ሰው የማስወጣ እኔ ማን ነኝ?»

ፓንዲቱ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ታንቴ ራዲካ የተባረከውን ዱባ እንደገና ጎረሱና ቃላቸውን አብረው ዋጡት። እኔ ታንቴ ሻንቲ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ጄሷቸውን ልሰብረው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የዴን ሃግ ዝናብ ወረደ፤ ቀጥታ አልጋዬ ላይ! እየሮጥኩ ደረጃውን ወረድኩ።

«ታንቴ! ጣራው ያፈሳል! አልጋዬ ዋኘ!»

ታንቴ ሻንቲ ፈገግ አሉ። ያችው የትራሟ ፈገግታ። ጄሶ ያለበትን እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱና፦

«ባለቤቱን ንገሪው» አሉኝ።

እናም ይህን የምጽፍላችሁ አልጋዬ ላይ የደቀንኩት ባልዲ ሲሞላ እየጠበቅኩ ነው። ምክሬን ስሙ፤ ባለቤቱ እግዜር የሆነ ቤት ከተከራያችሁ የሚያስወጣችሁ የለም… ጣራ የሚያድስላችሁም የለም!