የጅቡቲ ሰዓት

የኮምፒውተር ሴቲንግ ሳይነካካ መዋል የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? መጋላ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ ጀማል እንደዚያ ነው። ጠዋት የፊደሉን መጠን ያሳድጋል፣ ከሰዓት የስክሪኑን ቀለም ይለውጣል። ኮምፒውተሩ አፍ ቢኖረው ለቀበሌ በከሰሰው ነበር!

ባለፈው ማመልከቻ ላስጽፍ ስሄድ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ጀማል ግን የሰዓት ማስተካከያውን ከፍቶ የከተማ ስም ይፈልጋል። አዲስ አበባ የሚለውን ትቶ ጅቡቲን መረጠ። አዲስ አበባ ምን በደለችው? ከዚያ የልብ ትርታ እንደሚቆጥር ሐኪም ሰዓቱ ላይ አፈጠጠ። ሰዓቱ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተቀየረም።

"አቦ ጀማል፣ የእኛና የጅቡቲ ሰዓት እኮ አንድ ነው!" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?"

እጮኛው ፈቲያ ለሥራ ብላ ጅቡቲ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል።

"ስትሄድ በሁለት ወር እመለሳለሁ ብላኝ ነበር" አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። "ምናልባት እዚያ ሁለት ወሩ ገና አልሞላ ይሆን እንዴ ብዬ ነው።"