አውሮፕላን በር ላይ መገባበዝ

በር ላይ ቆሞ «አንተ ቅደም» እያለ የሚያደርቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔም ከእነዚያው ነኝ። ግን ይህ ጨዋነት ስንት ሺህ ጫማ ላይ ያበቃል?

ባሕር ማዶ በምኖርባት በሴንት ፖል ከተማ፣ ከጎረቤቴ ከጋሽ ታደሰ ጋር በፓራሹት ለመዝለል ተመዘገብን። ጠዋት መሬት ላይ ሠለጠንን፤ ከሰዓት እያንዳንዳችንን ከአንድ አሠልጣኝ ጋር በቀበቶ አሥረው ወደ ሰማይ አወጡን። የአውሮፕላኑ በር ተከፈተ። አስተዳደጌ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

«ታላቄን ቀድሜ? አላደርገውም።»

«ኧረ ግድ የለህም፣ ቅደም።»

ጀርባዬ ላይ የታሠረው ፈረንጅ መግደርደር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ይዞኝ ዘለለ። መጀመሪያ ጮህኩ። ፓራሹቱ ሲከፈት ግን ከታች ያሉትን ሐይቆች ቁልቁል እያየሁ እንዲያውም ባንወርድ አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ አረፉና አኮረፉኝ።

«ገና ሁለቴ ስለምንህ ጥለኸኝ ትወጣለህ?»

ማታ ሌክ ስትሪት የሚባለው ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት በር ላይ ካስኳቸው፤ አምስት ጊዜ እስኪለምኑኝ አልተነቃነቅሁም። ከኋላችን የቆሙት ባልና ሚስት ሐበሾች ስለነበሩ አልተቆጡም። እነሱም እየተገባበዙ ነበር።