ሳይጠየቁ የሚመክሩት ጋሽ ጎልቻ

ሳይጠየቅ የሚመክር ሰው የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም። ለኬንያዋ ሞያሌ የደረሷት ክቡር ፕሮፌሰር ጎልቻ ናቸው። ፕሮፌሰርነቱን የሰጧቸው በማኅደር ምግብ ቤት የሚያርፉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። የፍየል በሽታ ይሁን የናፍጣ ፓምፕ፣ የባልና ሚስት ጠብም ቢሆን፣ የማያውቁት የለም። “እኔን ስሙኝ!” ካሉ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አያልቅም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት የማኅደር እግር ያበጠ ጊዜ “ጫማሽ ጠቦሻል” አሉ። ፊቷ ሲያብጥ “እንቅልፍ አብዝተሻል” አሉ። የበላችው አልረጋ ሲላት ግን ነገሩ ገባቸው። “ኩላሊትሽ ነው! ኩላሊት ማለት ራዲያተር ነው፤ ውሃ ሙዪበት!”

ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ መካሪ የላትምና ጠጣች። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሿ አጥሮ በሰው ክንድ ሆስፒታል ገባች። ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው ስለነበር የጠጣችው ውሃ መውጫ አጥቶ ሳንባዋ ውስጥ ተጠራቅሟል። የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ያለው ናይሮቢ ነው ተባለ።

ከብት በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ አብሯት የተሳፈረው ማን ነበር? ፕሮፌሰሩ! መንገድ ላይ እስካለችው ኢሲዮሎ አቧራ እየቃሙ፣ አይተውት የማያውቁትን ማሽን አሠራር አስረዷት።

ናይሮቢ አንዴ በማሽኑ ታጥባ ትንፋሿ ሲመለስ፣ ሻሮን የምትባል ረጋ ያለች ሐኪም ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው።

“አንደኛው መንገድ ይኸው ማሽን ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ዕድሜ ልክ። ሁለተኛው፣ ሆድሽ ላይ በሚገባ ቱቦ ፈሳሽ እያስገባሽና እያወጣሽ ቤትሽ መታጠብ ነው። ሦስተኛው፣ ሰጪ ከተገኘ፣ ንቅለ ተከላ።”

“ይኸው! ቤቷ ትታጠባለች!” አሉ ፕሮፌሰሩ።

“ፈሳሹ በየቀኑ ያስፈልጋል። ንጹሕ ክፍልና ንጹሕ ውሃም ይፈልጋል። ሞያሌ ሳይቋረጥ ይደርሳል?”

ዝናብ ሲጥል መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ ሲከርሙ፣ ሰፈራቸው ቡቲዬም ውሃ በአህያ ሲመጣ፣ ፕሮፌሰሩም ማኅደርም ያውቁታል። ለማሽኑ ደግሞ ናይሮቢ መኖር ያስፈልጋል፤ ከማን ጋር? በምንስ?

“እንግዲያው የኔን ኩላሊት ውሰዱላት” አሉና እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፤ ኩላሊቱ ከክንዳቸው የሚወጣ ይመስል።

አንዲት ነርስ የደም ግፊታቸውን ለካች፤ ደግማም ለካች። “ባባ፣ እርስዎም ታመዋል። ይህ ግፊት የራስዎንም ኩላሊት ሊጎዳው ይችላል።”

“መለኪያው ተበላሽቷል!” አሉ። ቆይታ ስትወጣ ግን ማኅደር ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። ሌላ ዘመድ እንደሌላት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ተመልሳ ገባች። “ሌላስ የለም?” አለቻት ሐኪሟን።

“አለመታጠብም አለ። አያድንም። ማሳከኩን፣ ማቅለሽለሹን፣ የትንፋሽ ጭንቀቱን እናስታግስልሻለን። ጊዜው ግን አጭር ነው።”

“ቤቴ ሆኜ?”

“ቤትሽ ሆነሽ።”

ማኅደር ቤቷን መረጠች።

ቡቲዬ እንደተመለሰች መካሪ በያይነቱ ጎረፈ። ጎረቤቷ አሻ ጥቁር አዝሙድ ይዛ መጣች፤ ዱባ የሚባለው ሰውዬ ከዳበል መንደር ድረስ የግመል ወተት አስጭኖ መጣ። ፕሮፌሰሩ በሩ ላይ ተገትረው ሁሉንም መለሱ። “ሐኪሟ ያላዘዘችው አይገባም!” ከዚያ ገብተው አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ቃል አይተነፍሱም። ውጭ ፍየል ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክል ያልፋል፣ እሳቸው ዝም።

“ጋሼ፣ ያውሩ እንጂ” አለቻቸው አንድ ከሰዓት።

“ምን ላውራ፣ ልጄ? ያወራሁት ሁሉ ምን በጀሽ?”

“እርስዎ ዝም ሲሉ የሞትኩ ይመስለኛል።”

ጎልቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቦሪ መንደር ውስጥ አንዲት ቀጭኔ ከፍየሎች ጋር አድጋ፣ ሲመሽ አብራቸው በረት ልትገባ አንገቷን አጎንብሳ ተራ እንደምትጠብቅ ይተርኩላት ጀመር።

“ውሸትዎን ነው” አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ፕሮፌሰሩ ደንግጠው አቆሙ። ያበጠ እጇን ዘርግታ ጉልበታቸውን ነካች።

“ከዚያስ?”