ገና ያልታመሙት

በየከተማው ከሩቅ ሲያዩት ሰው ሁሉ መንገድ የሚቀይርለት አንድ ገንዘብ ሰብሳቢ አይጠፋም። የሀዋሳው ክቡር ጋሼ ግዛቸው ናቸው፤ የደረሰኝ ጥራዝ በብብታቸው፣ እስክሪብቶ በጆሯቸው። እኔ መንገድ አልቀይርም። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ባዮሎጂ ስላስተማሩኝ ሳያቸው እግሬ ራሱ ይቆማል።

ጋሼ ለታማሚ አይለምኑም። ለታማሚማ ማንም ይለምናል። እሳቸው የሚለምኑት ለምርምር ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሶልያና የምትባል ሐኪም፣ ኩላሊት ከመድከሙ በፊት ሕመሙ በምን እንደሚታወቅ ታጠናለች። የመመርመሪያ ዕቃ መግዣ ካልተገኘ ጥናቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል። ጋሼ ይህን በሠርግ ከኬኩ በፊት፣ በለቅሶ ድንኳን ከንፍሮው ጋር፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ ዓሣ ለጎረሰ ሰው ሳይቀር ያስረዳሉ። መደምደሚያቸው አንድ ነው፦ «ኩላሊት አለህ? እንግዲያው ይመለከትሃል።»

ሰው ግን ታማሚው የታለ ይላል። የለመድነው ፎቶ የተለጠፈበት መኪናና ድምፅ ማጉያ ነው። ምርምር ደግሞ ፊት የለውም።

ባነር የምታትመው ሊዲያም አስቸገረች። «ጋሼ፣ ባነሩ ፎቶ ከሌለው፣ ሰው የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ይመስለዋል» አለቻቸው። የራሳቸውን ጉርድ ፎቶ ሰጧት።

ገንዘቡ ጎረፈ። ከፎቶው ሥር «የኩላሊት ምርምርን እንርዳ» ይላል፤ ያነበበው ግን የለም። መሃል ከተማ ባነሩ ሥር የቆሙ ሴቶች አለቀሱላቸው። እኔም ደንግጬ ፓፓያ ይዤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። አቮካዶ ዛፍ ላይ ወጥተው ቅርንጫፍ ይመለምላሉ። ወርደው «ፓፓያ፣ አንድ» የሚል ደረሰኝ ቆረጡልኝ።

ሰው ታመሙ ብሎ እንደሰጠ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ምነው ባልተናገርኩ ብዬ ነበር። በማግስቱ ቤት ለቤት ዞረው፣ ጤነኛ ነኝና ገንዘባችሁን ውሰዱ አሉ። አብዛኛው ወሰደ። አንዳንዱ ባለመታመማቸው ተቀየማቸው።

ሰኔ ሲቃረብ እንደምንም ደፍሬ «የእትዬ ሰብለን ፎቶ ለምን አያደርጉም?» አልኳቸው። ባለቤታቸው ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ጋሼ ፎቷቸውን መኪና ላይ ለጥፈው ለሕክምና ከተማውን ዞረዋል። ገንዘቡ ሞላ፤ ኩላሊታቸው ግን አልጠበቀም።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እሷ አንዴ ዞራለች፤ ይብቃት።»

ከዚያ ፊቴን እንደ ፈተና ወረቀት አዩት። «አንተ ፎቶ አለህ?»

በአዲሱ ባነር ስድስት ጤነኛ ሰዎች ተደርድረናል። በሠርግ ፎቶ ከሰው ጀርባ የምደበቀው እኔ ከጋሼ ቀጥሎ ነኝ። ከፎቶዎቹ ሥር በትልቁ «እነዚህ ሰዎች ገና አልታመሙም፤ ይርዷቸው» ይላል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አነበበ፣ ከዚያ ሰጠ። ዕቃው ተገዛ፤ ጥናቱም ሰኔን አለፈ።

ለሚቀጥለው ዓመት ጋሼ አንዱን ጥራዝ ለእኔ ሰጡኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ባዮሎጂ አስተምረውኛል። ትናንት አንድ የማውቀው ሰው ከሩቅ አይቶኝ መንገድ ቀየረ። ትንሽ አመነታሁ፤ እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ አውርጄ ተከትዬው ተሻገርኩ።

«ኩላሊት አለህ?» አልኩት።