እንከን ያልተገኘበት አፍራሽ

መንግሥት ሲለወጥ ከባንዲራው ቀጥሎ የሚለወጠው ስድቡ ነው። ትናንት «ፀረ አብዮት» ይባል የነበረው ሰው ሲነጋ «አፍራሽ» ተባለ። መዝገበ ቃላት ብትጠይቁ አፍራሽ ማለት የቆመን ሥርዓት የሚንድ ማለት ነው ይላችኋል። ዕድሜዬን በቦንጋ ቢሮዎች የጨረስኩት እኔ ደግሞ መዝገበ ቃላቱ ስብሰባ ተቀምጦ አያውቅም እላችኋለሁ። እኛ ዘንድ ስለ በጀት የጠየቀ አፍራሽ ነው። ያዛጋም እንደዚያው። ያዛጋሁት እኔ ነበርኩ፤ ደክሞኝ ነው።

ግምገማን መቼም ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ተራ በተራ ይቆምና ባልደረቦቹ ጉድለቱን ይነግሩታል። እኛም ከዋዜማው ጀምሮ ቀላል ቀላሉን ጉድለት መከፋፈል ለምደን ነበር፤ «አንተ ያረፍዳል በለኝ፣ እኔ ሻይ ቤት ያበዛል እልሃለሁ» ተባብለን እንገባለን፣ ተገምግመን እንወጣለን።

የመዝገብ ቤቱ ጋሽ አደሎ ሆስፒታል ከሌለባት ከደካ ወደ ቦንጋ የተዛወሩት በስንት ልመና ነው። ባለቤታቸው ኩላሊታቸውን ስለሚታመሙ ከሆስፒታል መራቅ አይችሉም። ሰውዬው ለቅሶ ቤት ቀድመው ድንኳን የሚተክሉ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ናቸው። ከመውደዳችን የተነሳ ለእሳቸው ጉድለት ማዘጋጀት ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ተራቸው ደረሰ። አዲሱ ወጣት ሰብሳቢ «በአቶ አደሎ ላይ ሂስ ያለው?» አለ። ዝም። ደግሞ ጠየቀ። አሁንም ዝም።

«ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ጉድለት አጣ?» አለ ብዕሩን አስቀምጦ። «ይሄ ኔትወርክ ነው! ሠራተኛውን በጓዳ አደራጅቶ አፉን ያስያዘ ሰው ከአፍራሽ በምን ይለያል?»

የጽሕፈት ክፍሏ እትዬ ጽጌ ደንግጠው ተነሡ። «ኧረ አንዳንዴ ያረፍዳሉ!»

«አሁን ነው ትዝ ያለዎት? እርስዎም የኔትወርኩ አባል ነዎት!»

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ አደሎ ወደ ደካ እንዲመለሱ ተወሰነ። በጅምላ ብንሸኛቸው ክሱን ማጽናት ይሆናል ብለን አንድ አንድ እያልን መናኸሪያ ሄድን። የእኔ ተራ ሲደርስ ባለቤታቸው ጋቢ ተከናንበው የአውቶቡሱን መስኮት ተደግፈዋል።

ጋሽ አደሎ እጄን እንደያዙ ቆዩ። አልተቆጡም፤ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

«ምን አድርጌያችሁ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። «ከመሃላችሁ አንድ እንኳ የሚጠላኝ ሰው ይጥፋ?»