የሼህ እንድሪስ ሯጭ ሰሌዳ

ሥልጣኔ ማለት ቀጥ ብሎ የቆመውን ማጋደል ነው! ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ከርሞ የተመለሰን ሰው ባርኔጣ ተመልከቱ። ሲሄድ አናቱ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው፣ ሲመለስ አንድ ጆሮው ላይ ተኝቷል። እኔ ግን ባርኔጣ ስለሌለኝ ያጋደልሁት ፊደል ነው።

ሰው ጨረቃን በረገጠ ሰሞን ነው። እዚሁ ሰቆጣ ጨርቅ የሚሸጡት ሼህ እንድሪስ አስጠሩኝና፣ "መምህር፣ ሰሌዳ ጻፍልኝ። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቼም ጨርቅ ሻጮች ናቸው፤ ገበያተኛው የኔን ይለየው" አሉኝ። እኔስ ይህን ስጠብቅ አልነበር! የፊደሉን ክብ በኮምፓስ፣ እግሩን በማስመሪያ አወጣሁና መላውን ስም ወደ ቀኝ አስተኛሁት። አንድም ቀና ያለ ፊደል የለ... ሁሉም ሮኬት ሊሳፈር የተጣደፈ ነው የሚመስለው።

"ምነው ተንጋደደ?" አሉኝ ሼህ እንድሪስ።

"የመጪው ዘመን ፊደል ነው!"

"ዘመኑ ተንጋዶ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ቢሆንም ሰው አክባሪ ናቸውና ሰቀሉት።

የገበያ ቀን ደረሰ። ከደሃና ገብስ ጭነው የመጡ አባ ወልዱ የሚባሉ ሽማግሌ ሰሌዳውን አዩና ክው አሉ።

"ሼህ እንድሪስ፣ ቤትዎ እየወደቀ ነው! የሚደገፍበት ባላ ላምጣልዎ?"

ይኼኔ ዝም ብል ምን ነበረበት!

"አባ፣ አይወድቅም። ፊደሉ እየሮጠ ነው" አልኋቸው።

"ወዴት?"

"ወደ ፊት ነዋ!"

አባ ወልዱ ፊደሎቹ ያጋደሉበትን አቅጣጫ በዱላቸው ተከተሉ። ዱላው በስተቀኝ ካለው ከአቶ ካሳ ሱቅ ላይ ዐረፈ።

"እንግዲያማ ደኅናው ጨርቅ እዚያ ነዋ! የገዛ ስሙ ጥሎት ከሚሸሽ ቤት ምን ልገዛ እገባለሁ?"

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል... በኔ ደረሰ! ገበያተኛው ሰምቶ ሳቀ፤ ስቆም አልቀረ፣ አባ ወልዱን ተከትሎ አቶ ካሳ ሱቅ ገባ። ሼህ እንድሪስ የጨርቅ መለኪያቸውን ታቅፈው ዋሉ። እኔም ከማፈሬ ይልቅ ማዘኔ ባሰ፤ ቤተሰባቸውን የሚያኖሩት በዚያች ገበያ ነው።

በማግስቱ ስድቤን ልቀበል፣ ሰሌዳውንም ላወርድ ሄድሁ። ሼሁ ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

"መምህር፣ በስተግራዬ ላለው ለአቶ ምስጋናው እንዲህ ያለውን ሥራለት። ከጎረቤትህ የተላከ ስጦታ ነው በለው፤ ዋጋውን እኔ እችላለሁ።"

"ለእርስዎስ?"

"ለኔማ ቀጥ ብሎ የቆመ ጻፍልኝ። ሮጦ ለሚመጣ እንግዳ ቆሞ የሚቀበል ያስፈልገዋል።"

አቶ ምስጋናው ሰሌዳውን ሲያይ በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው!" እያለ ሼሁን ሲመርቅ ሰነበተ። በሚቀጥለው ገበያ አባ ወልዱ ከነዱላቸው መጡ፤ ፊደሉ ያጋደለበትን አዩና ሰዉን አስከትለው ሼህ እንድሪስ ሱቅ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሥልጣኔ በስጦታ ሲመጣልኝ፣ አመሰግናለሁ ከማለቴ በፊት በስተቀኜ ማን ሱቅ እንደከፈተ አያለሁ።