አልጎብጥም ያለው ስሌት

ለሳይንስ ክብር ሲባል ብረትም ይከሰሳል። ይህን ታላቅ ሐቅ ያበረከቱልን በዌልስ ጠረፍ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ኢድዋል ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

ፕሮፌሰሩ ስስ የብረት ዝርግ ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ በኮምፒዩተር የሚተነብይ ዘዴ ቀምረዋል። ዝርጉን በሐሳብ ይቆራርጡታል፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ዘጠኝ ነጥብ ላይ ይመረምሯታል፣ ከዚያ መልሰው ይሰፏታል። ዘዴው ከመልሱ በቀር እንከን አልነበረውም። የላብራቶሪው ሽማግሌ ጋሽ ሆፕኪን እውነተኛ ዝርግ ላይ አሸዋ ጭነው ሲለኩ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ጎበጠ። ኮምፒዩተሩ ግን ግማሽ ሚሊሜትርም አይሞላም አለ።

ፕሮፌሰሩ በጥሞና አስበው ጥፋቱ የብረቱ ነው ብለው ፈረዱ። ብረቱ ተቀየረ፤ ተተኪውም ባለጌ ሆኖ ጎበጠ። ሦስተኛውን «ጨዋ ብረት ይላክልን» የሚል ደብዳቤ ጽፈው አስመጡት፣ እሱም የወንድሞቹን መንገድ ተከተለ።

ስሌቱን በወረቀት ካርድ ላይ እየበሳች ለኮምፒዩተሩ የምታስገባው ቴግዌን የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ሳንባውን የከሰል አቧራ የጨረሰውን አባቷን የምታኖረው እሷ ናትና ይህ ሥራ ካመለጣት አለቀላት። አንድ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ሊያልፋት ሆነ። ዘጠኙን ነጥብ ብታስገባ ማሽኑ እስኪመሽ ማጓራቱ ነው። ምን ይመጣል ብላ አራት ብቻ አስገባችና ሄደች። ሰኞ መልሱን ብታየው አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሚሊሜትር ይላል።

«አምስቱ ነጥቦች የት ገቡ?» አሏት ፕሮፌሰሩ።

«ዘለልኳቸው። ግን መልሱ እኮ ከጋሽ ሆፕኪን ልኬት ጋር ገጠመ።»

«እሱ ነው ጥፋቱን ያከበደው። በስንፍና የተገኘ እውነት ተቋም ያሰድባል።»

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ሻይ ጠጣ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን በቃለ ጉባኤ አሰፈረ፣ ቴግዌንንም «በስንፍና ነጥብ በመዝለል» አሰናበተ። ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ደብዳቤው ከማሽኑ በላይ ተለጠፈ። እሷ አውቶቡስ ውስጥ እያለቀሰች ቤቷ ገባች።

ወር ሳይሞላ ፕሮፌሰሩ «ምሁራዊ ቁጥብነት» የተባለ አዲስ ግኝት አሳተሙ። ነጥብ ሲበዛ ዝርጉ እንደ ጠባብ ጫማ ተጨንቆ መጉበጥ ያቅተዋል፣ አራት ይበቃል የሚል ነው። ሊቃውንት አጨበጨቡ፤ ከኖርዌይና ከአሜሪካም አንድ ቅዳሜ በዓይናቸው ሊያዩ መጡ።

በቴግዌን ቦታ የተተካችው ኔስታ ግን ጥንቁቅ ሴት ናት፣ ደብዳቤውን በየጠዋቱ ታነበዋለች፤ ዘጠኙንም ነጥብ አንድ ሳታስቀር አስገባች። እንግዶቹ ፊት ማሽኑ አጓርቶ አጓርቶ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም አለ። ዝርጉ አጠገባቸው ጎብጦ ተኝቷል።

«አራት ነጥብ አላልኩሽም?» አሉ ፕሮፌሰሩ በሹክሹክታ።

«ብለዋል። ግድግዳው ላይ ግን በዚሁ ጥፋት ሰው መባረሩ ተጽፏል። ደብዳቤው ካልተነሳ እኔ ካርድ አልነካም።»

ደብዳቤውን የሚያነሳው ኮሚቴው ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ ቅዳሜ አይሰበሰብም። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ካርድ መብሳት አያውቁም። ስለዚህ ጋሽ ሆፕኪን በብስክሌት ወደ ቴግዌን ተላኩ።

አባቷን ሾርባ ስታጠጣ ደረሱ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ሰኞ የቋሚ ቅጥሬን ደብዳቤ ይዘው ይምጡ፣ እመጣለሁ» አለች። «ዛሬ ግን በኮሚቴ ውሳኔ ሰነፍ ነኝ፣ ጋሽ ሆፕኪን። ሰነፍ ደግሞ ቅዳሜ አይሠራም።»